አኩሪ አተርና የጡት ነቀርሳ፤ ከከላላ ስለ ሰማነው ወሬ

(ከከላላና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች በኅብረቱ አዳራሽ ያደረግነው ንግግር)




የኅብረቱ ጸሐፊ ስለ ምግብና ስለ በሽታ አንድ ንግግር እንድናደርግ በጠየቀን ጊዜ፥ ከመካከላችን ሐኪም የሆነ ሰው እንደሌለ ገልጠንለት ነበር። እርሱ ግን «ሐኪም ባትሆኑም የሰማችሁትን መርምራችሁ መናገር አያቅታችሁም» ብሎ ስለ አጠበቀብን እነሆ ከፊታችሁ ቆመናል። አራት ነን። ሁለታችን የእርሻ፥ አንዳችን የኬሚስትሪ፥ አንዲቱ እኅታችን ደግሞ የጤና ትምህርት ተማሪዎች ስንሆን፥ የሚያገናኘን ሁላችንም የከላላና የጎረቤቶቿ የወግዲና የቦረና ልጆች መሆናችን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ነገር የተጀመረው በቤተ መጻሕፍት ሳይሆን በቡና ረከቦት ዙሪያ ነውና፥ ከዚያው እንጀምራለን።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ፥ ከከላላ ከተማ ጥቂት ራቅ ብለው ከሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠራን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፥ ባለቤቲቱ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «ልጆቸ፤ እናንተ ተምራችኋልና ንገሩኝ። ይህ ለምራቴ የሚሰጧት ዱቄት ጡት ላይ ነቀርሳ ያበቅላል የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። ነገሩ እንዲህ ነው። ምራታቸው ነፍሰ ጡር ናት፤ የጤና ሠራተኞች ክንዷን ለክተው ሰውነቷ የከሳ ሆኖ ስላገኙት ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተቀመመ ዱቄት ይሰጧታል። አንዲት ዘመዳቸው ግን ከዓረብ አገር ስልክ ደውላ፥ «አኩሪ አተር የሴት ሆርሞን አለበት፤ የጡት ካንሰር ያመጣል፤ እንዳትበሉ» ብላ አስጠንቅቃለች። ስለዚህ ዱቄቱ በማድጋ ተከድኖ ተቀምጧል። ከላዩ እየተዘገነ የሚሰጠው ለጥጃው ነው። ጥጃውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በጣም አምሮበታል።

እኛም በዚያን ሰዓት የሰጠነው መልስ ሲታሰበን ያሳፍረናል። አንዳችን «ወሬ ነው» አልን፤ አንዳችን ደግሞ «ሳይንሱ ገና አልተስማማም» አልን። ሴትዮዋ ሁለታችንንም ተራ በተራ አይተው ዝም አሉ። ቡናው ሲያልቅ ከተቀመጡት ሴቶች አንዲቱ፥ አንድም ቃል ሳትናገር የቆየችው፥ የጤና ተማሪዋን እኅታችንን ወደ ጓዳ ጠርታ ጡቷን አሳየቻት። እብጠቱ ዓመት አልፎታል። አያማትም። ስለማያማትም ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ በፊት ሄዳበት የነበረ አንድ ክሊኒክ «የረጋ ወተት ነው» ብሎ የሚቀባ መድኃኒት ሰጥቶ መልሷታል። ስለ እርስዋ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ስንመለስ የመጀመሪያው ሥራችን ያንን ጥያቄ በሚገባ ማጥናት ሆነ።

አኩሪ አተር በከላላ ደጋ አይዘራም። የእኛ ጥራጥሬ ባቄላ፥ አተር፥ ምስር፥ ሽምብራና ጓያ ነው። አኩሪ አተር ሞቃት አገር ይወዳልና በአገራችን በሰፊው የሚታየው በመተከል፥ በአሶሳ፥ በወለጋና በጅማ በኩል ነው። የጥንት አገሩ ቻይና ሲሆን፥ ወደ ኢትዮጵያ የሙከራ እርሻ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ገደማ ነው። ከዚያም ወዲህ የእርሻ ተመራማሪዎች ክላርክ 63 ኬ፥ አዋሳ 95፥ በለሳ 95 የተባሉትንና ሌሎችንም ዝርያዎች ለገበሬው አውጥተዋል። ከመቶው ክብደቱ እስከ 40 የሚደርሰው ፕሮቲን፥ 20 ያህሉ ደግሞ ዘይት ስለ ሆነ ከጥራጥሬ ሁሉ በፕሮቲን የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል።

ወሎ ግን አኩሪ አተርን ያወቀው በማሳ ሳይሆን በጆንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፥ በኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፥ ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ዱቄት ሲያወጣ አኩሪ አተር አንዱ መደባለቂያው ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ባጠቃ ጊዜ፥ ከውጭ አገር የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት እየተጫነ መጣ። በእኛ ሰፈር ዛሬም በእርዳታ የሚመጣ ዱቄት ሁሉ፥ የትም ይሠራ የት፥ «ፋፋ» ነው የሚባለው። ወላጆቻችን ከሞት የተረፉበት ምግብ ስም እንደ ሆነ ሁሉ፥ የዚያ ክፉ ዘመን መታሰቢያም ስለ ሆነ፥ ስሙ ሲነሣ ሰው ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። ወሬው በቶሎ የታመነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። በችግር ቀን የበሉትን ነገር መጠርጠር ቀላል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የወሬው መነሻ ፈጽሞ ባዶ አይደለምና ንቀን ልናልፈው አይገባም። በሴት ሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አለ። በጡት ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባይ ጋር፥ ቁልፍ ከጓጉንቸሩ እንደሚገጥም ገጥሞ ሕዋሱ እንዲያድግና እንዲባዛ ትእዛዝ ይሰጣል። ብዙዎቹ የጡት ነቀርሳዎች የሚያድጉት በዚሁ ትእዛዝ ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ኢሶፍላቮን የሚባሉ ቅመሞች አሉት፤ ከነዚህም ዋናዎቹ ጌኒስቲንና ዳይዲዚን ናቸው። መልካቸው ከኤስትሮጅን መልክ ጋር ስለሚቀራረብ በዚያው ጓጉንቸር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። እስከዚህ ድረስ የዓረብ አገሯ ዘመዳችን ትክክል ናት።

የእጽዋት ኤስትሮጅን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል መጀመሪያ የታየውም በሰው ሳይሆን በበግ ነው፤ የበግ አገር ልጆች ነንና ይህን ሳንነግራችሁ አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራልያ የበግ መንጋዎች ማርገዝ አቃታቸው። በ1946 የታተመው ምርመራ እንዳሳየው ምክንያቱ በጎቹ ሌት ተቀን የሚግጡት አንድ ዓይነት ማገጥ ነበር። የእኛ ደጋ ማገጥ ከዚያ ሣር ጋር ዘመድ ቢሆንም፥ በጎቻችን እርሱን ብቻ ስለማይግጡ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አላየንም። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር መጠን ወሳኝ መሆኑ ነው።

ቀጥሎ የመጡት አይጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረጉት ሙከራዎች፥ ጌኒስቲን የተመገቡ አይጦች ላይ የተተከለ የሰው የጡት ነቀርሳ ማደጉን አሳዩ። ዓለምን ያስደነገጠው ይህ ነበር፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ሕሙማቸውን ከአኩሪ አተር ሲያስከለክሉ ኖሩ። ነገር ግን የሙከራውን አሠራር ስናነብ እነዚያ አይጦች የዘር ዕንቁላል ማምረቻቸው የወጣባቸው፥ በሽታ መከላከያ የሌላቸውና የባዕድ ነቀርሳ የተተከለባቸው መሆናቸውን ተረዳን። በተጨማሪም የአይጥ ሰውነት ጌኒስቲንን እንደ ሰው ሰውነት አስሮ አያስወግደውም፤ በደማቸው ውስጥ ሳይታሰር የሚዘዋወረው መጠን ከሰው ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ሌላም አለ። በሰውነታችን የኤስትሮጅን ተቀባይ ሁለት ዓይነት ነው፤ አልፋና ቤታ ይባላሉ። ሆርሞኑ ሁለቱንም በብርቱ ይይዛል። ኢሶፍላቮን ግን ይበልጥ የሚይዘው ቤታን ነው፤ ቤታ ደግሞ ዕድገትን ከማፋጠን ይልቅ ወደ መግታት ያደላል። ደካማ ቁልፍ በጓጉንቸሩ ውስጥ ከተቀመጠ ብርቱው ቁልፍ እንዳይገባ ቦታ ሊይዝበት ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግን ግምት ነው። አይጥን ትተን ሴቶችን ብንጠይቅ ምን ይባላል? ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰድንበት ይህ ነበር።

በቻይና በሻንጋይ ከተማ ከ73 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ምን እንደሚበሉ ተጠይቀው ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ውጤት እንደሚለው ከልጅነታቸው ጀምረው አኩሪ አተር አብዝተው የበሉት፥ ከማረጣቸው በፊት የሚይዘው የጡት ነቀርሳ ከሌሎቹ ይልቅ በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። ካረጡ በኋላ በሚይዘው ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት ደግሞ እዚያው ሻንጋይ፥ አስቀድሞ በጡት ነቀርሳ ታመው የታከሙ 5,042 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ታተመ። ወሬው እውነት ቢሆን ኖሮ አኩሪ አተር የሚበሉት ቶሎ ቶሎ በሞቱ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ አብዝተው በበሉት ዘንድ በሽታው የተመለሰባቸውና የሞቱት ቁጥር ከሌሎቹ በሦስት እጅ አንድ ያህል ያነሰ ሆነ። ታሞክሲፌን የሚባለውን የነቀርሳ መድኃኒት በሚወስዱትም በማይወስዱትም እንዲሁ ነበር።

እንግዲህ አኩሪ አተር መድኃኒት ነው ልንል ነውን? ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሊል ዳድቶት ነበር፤ ሦስታችን ተቃወምነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሴቶች ላይ ሲጠና ጥቅሙም ጉዳቱም አልታየም። እነርሱ የሚበሉት በጣም ጥቂት ነው፤ የሻንጋይ ሴት በቀን አርባ ሚሊግራም ያህል ኢሶፍላቮን ስታገኝ የአሜሪካ ሴት አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ብታገኝ ነው። ደግሞም አኩሪ አተር የሚያዘወትር ሰው ምናልባት ሥጋና መጠጥ የሚቀንስ፥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊሆን ይችላል። የተቀነሰው በአኩሪ አተሩ ነው ወይስ በኑሮው? የክትትል ጥናት ይህን ፈጽሞ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ በደኅና ልንናገር የምንችለው፥ እንደ ምግብ የተበላ አኩሪ አተር የጡት ነቀርሳን እንደሚያመጣ በሴቶች ዘንድ አልታየም፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም ይህንኑ ይላል። ይከላከል እንደ ሆነ ግን ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ የለም።

እንክብልና የተጣራ ዱቄት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ የታተመ አንድ ሙከራ ነበር። ኦፕሬሲዮን የሚጠብቁ 140 ሕሙማን ሴቶች ተመርጠው ግማሾቹ ለጥቂት ሳምንታት የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት ወሰዱ። የነቀርሳው የመባዛት ፍጥነት አልተለወጠም፤ ይሁን እንጂ በደማቸው ጌኒስቲን በጣም ከፍ ባለባቸው በጥቂቶቹ ሴቶች ዘንድ ከዕድገት ጋር የተያያዙ አንዳንድ ጂኖች ነቅተው ታዩ። ይህ በሽታ አመጣ ማለት አይደለም። ሆኖም በከተማ ሱቅ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን የኢሶፍላቮን እንክብል፥ በተለይ የታመመች ሴት፥ ያለ ሐኪም ምክር ባትነካው ይሻላል። በከላላ የሚታደለው ዱቄት ከእንክብሉ ወገን አይደለም። ከአራት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ የሚያንሰው አኩሪ አተር ሲሆን፥ የሚበላውም ለጥቂት ወራት ነው፤ የሻንጋይ ሴቶች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በልተውታል። ዘይቱን የሚፈሩም አሉ። የኬሚስትሪው ጓደኛችን እንደሚያስረዳው ኢሶፍላቮን በዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ ዘይቱ ሲወጣ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድንጨምር ይፈቀድልን። የእጽዋት ኤስትሮጅን ያለው አኩሪ አተር ብቻ አይደለም። ሊግናን የሚባል ሌላ ወገን አለ፤ በአንጀታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ለውጠው ኤስትሮጅን መሰል ያደርጉታል። ከታወቁት ምግቦች ሁሉ ሊግናን የበዛበት የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ተልባ ነው። እናቶቻችን ቆልተው፥ ወቅጠው፥ በውሃ በጥብጠው ያጠጡን፥ በጾሙም በፍስኩም ከእንጀራ ጋር የምንበላው ተልባ። ከዓረብ አገር ስለ ተልባ ስልክ የደወለ እስካሁን የለም። አገር ያፈራውን ሳንመረምር ማመን፥ ከውጭ የመጣውን ሳንመረምር መፍራት ልማዳችን ሆኗል፤ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ ይሆናል።

አሁን ወደ ጓዳ እንመለስ።

የጡት ነቀርሳ የከተማና የሀብታም በሽታ ነው የሚል አሳብ በእኛም ዘንድ ነበር። ባላገሯ ብዙ ትወልዳለች፥ ሁለት ዓመት ታጠባለች፥ ስለዚህ አይነካትም እንል ነበር። የዚህ አሳብ ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ30 አገሮች 47 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ እናት ባጠባች በእያንዳንዱ ዓመት በሽታው የመያዝ ዕድሉ በ4.3 በመቶ፥ በእያንዳንዱም ወሊድ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ ታውቋል። አምስት ወልዳ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት ያጠባች የከላላ ሴት ከዚህ ያገኘችው ጥቅም ከየትኛውም የአኩሪ አተር ማዕድ ይበልጣል። ነገር ግን መቀነስ ማለት ማጥፋት አይደለም። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ነቀርሳ አዲስ ታመዋል፤ በዚያው ዓመት 9 ሺህ ያህል ሞተዋል። ከሴቶች ነቀርሳ ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 ሴቶች መዝገብ ሲመረመር መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ሆኖ ተገኘ። ይህ በአውሮፓ ካለው ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ያነሰ ነው፤ ምንም እንኳ የሕዝባችን ወጣትነት የዚህን ከፊል ምክንያት ቢያስረዳም፥ የሚሞቱት ገና ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች መሆናቸውን አይለውጠውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ለምን ዘገዩ? እብጠቱ አያምምና። ጡትን ለወንድ ሐኪም ማሳየት ነውር ነውና። ባል የመንገዱን ገንዘብ ለማግኘት በግ መሸጥ አለበትና። ክሊኒኩም አንዳንድ ጊዜ «ወተት ነው» ይላልና። በክልላችን የነቀርሳ መድኃኒት የሚሰጠው በጎንደር፥ በባሕር ዳርና በደሴ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። የደሴው ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ እንደገና የተቋቋመ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጨረር ለመታከም ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከከላላ ደሴ፥ ከደሴም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ማለት፥ በዚያም ላይ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፥ ምን እንደ ሆነ የሄደበት ያውቀዋል።

ያችን ሴት እኅታችን አልተወቻትም። ሦስት ቀን ተመላልሳ ባሏን አነጋገረች። እርሱም፥ ስለ ባሎች ብዙ ክፉ ይነገራልና ይህም ይነገር፥ ሁለት በጎች ሸጦ ራሱ ይዟት ወደ ደሴ ወረደ። ነቀርሳ ነበር። ተቀደደች፤ መድኃኒቱንም በደም ሥር ወሰደች፤ አሁን በየቀኑ አንድ የታሞክሲፌን ክኒን ትውጣለች፤ ለአምስት ዓመት እንድትወስደው ታዝዛለች። ቀድማ ብትመጣ ኖሮ ይሻል እንደ ነበር ሐኪሙ ነግሯታል፤ ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጠባትም። በኅዳር ወር በስልክ ስናገኛት የጠየቀችን የመጀመሪያው ነገር ስለ ሕመሟ አልነበረም። «ሐኪሙ ደኅና ብይ ብሎኛል፤ በቤት ያለው ግን ያ ፋፋ ነው። እኔስ ልብላው ወይ?» አለች።

በዚህ ጊዜ ግን መልሳችን አንድ ሆነ። ለሐኪምሽ ንገሪው፤ ክኒኑን አንድ ቀን አታቋርጪ፤ ፋፋውን በደንብ አብስለሽ ብዪ አልናት። አብስለሽ ማለታችን በከንቱ አይደለም፤ አኩሪ አተር በጥሬው ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ቅመም አለው፤ እሳት ያጠፋዋል። የሻንጋዮቹን ሴቶች ነገርም ነገርናት። ታሞክሲፌን እየወሰዱ አኩሪ አተር በልተው ከሌሎቹ የከፋ ነገር እንዳላገኛቸው ስትሰማ ጥቂት ዝም አለችና፥ «እንኪያስ ለነዚያ ሴቶች አላህ ዕድሜ ይስጣቸው» አለች።

ነፍሰ ጡሯም ዱቄቱን መብላት መጀመሯን ነግራናለች። አማቷ ማድጋውን ከጓዳ አውጥተው ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠውላታል። ጥጃው ግን ልማዱን ገና አልተወምና፥ በሩ ክፍት ሆኖ ባገኘ ቁጥር እየገባ ማድጋውን ያሸታል አሉ።